የጥር ልጅ ሁሉ የጃንዋሪ ልጅ አይደለም፦ ከከዚራ የተገዙ ሁለት የልደት ወር ስጦታ ሣጥኖች

ዘንድሮ ጥምቀት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ድሬዳዋ ከዚራ ከሚገኝ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ሁለት ተመሳሳይ ሣጥኖች ገዛሁ፤ አንዱ ለባለቤቴ፣ ሌላው ለእህቴ ልጅ ነበር። ሣጥኑ «የልደት ወር ስጦታ» እየተባለ የሚሸጥ ሲሆን፣ በውስጡ የወሩ ድንጋይ የተሰካበት የአንገት ሐብል፣ የወሩ ኮከብና አበባ የታተሙበት የሻይ ኩባያ፣ እንዲሁም የወሩን በዓላት የሚዘረዝር እጥፍ ካርድ ይዟል። ዋጋው 2,400 ብር ነው፤ በሐብሉ ጀርባ ስም ለማስቀረጽ 200 ብር ይጨመራል። እኔ በኮከብ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ለልደት ከሚሰጡ ዕቃዎች መካከል የተወለዱበትን ቀን የሚያስታውስ ነገር ከሽቶና ከአሻንጉሊት የተሻለ መስሎ ስለታየኝ ገባሁበት።

በቅድሚያ የሚመሰገነውን ላመስግን። መደብሩ ንጹሕ ነው፤ ዋጋው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ተጽፏል፤ ሠራተኞቹም ገዢን አያጣድፉም። በተለይ ቅርጹን የሚሠራው ወጣት ያሳየኝ ጥንቃቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የእህቴ ልጅ ስም በሐ የሚጀምር ነው። ወጣቱ ስሙን በኮምፒውተሩ ላይ ከጻፈ በኋላ ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት ዞር ብሎ «ጋሼ፣ በሃሌታው ሀ ነው በሐመሩ ሐ?» ሲል ጠየቀኝ። ዛሬ ዛሬ መንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ ይህን የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። በሐመሩ መሆኑን ነገርሁት፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ የሁለቱም ሐብሎች ጀርባ ጥርት ባለ ፊደል ተቀርጾ ተሰጠኝ።

ችግሩ የተፈጠረው ከቅርጹ በፊት፣ ሣጥኖቹ በተመረጡበት ሰዓት ነበር። ባለቤቴ የተወለደችው ጥር 8 ቀን፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ ጥር 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ሻጯ ሁለቱንም ቀኖች ከሰማች በኋላ ያለምንም ማመንታት ሁለት የጃንዋሪ ሣጥኖች አወረደች። የሁለተኛዋ ልደት የጃንዋሪ ሊሆን እንደማይችል ብነግራት፣ ፈገግ ብላ «አቦ ጋሼ፣ ጥር ማለት እኮ ጃንዋሪ ነው፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚወስደው» አለችኝ። ወረፋ ነበር፤ እኔም በቀኑ ሙቀት ተሰላችቼ ስለነበር ክርክሩን ትቼ ሁለቱንም ሣጥኖች ተቀብዬ ወጣሁ። ጥፋቱ የግማሹ የእኔ መሆኑን አልክድም።

ይሁንና ይህ ዕቃ የተሠራው ለወሩ ነው፤ ወሩ ከተሳሳተ ድንጋዩም፣ ኮከቡም፣ አበባውም አብረው ይሳሳታሉና ሒሳቡን በግልጽ ማስቀመጡ ተገቢ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ይውላል። ጥር የሚብተው ጃንዋሪ 9 ቀን ሲሆን ጃንዋሪ ደግሞ ጥር 23 ቀን ያልቃል። ስለዚህ ከጥር 24 እስከ 30 የተወለደ ሁሉ የፌብሯሪ ልጅ ነው፤ በአንጻሩ ከታኅሣሥ 23 እስከ 30 የተወለደው፣ የገና ዕለት የተወለደውን ጨምሮ፣ በስሙ የታኅሣሥ ልጅ ቢባልም የጃንዋሪ ሣጥን የሚገባው እሱ ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ይኸው ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 የዋለው፣ ገናም በ29 ፈንታ ታኅሣሥ 28 ቀን የተከበረው በዚሁ ምክንያት ነው። የእህቴ ልጅ የተወለደችው በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሯሪ 2 ቀን 2017 ስለሆነ፣ ድንጋይዋ ቀዩ ጋርኔት ሳይሆን ሐምራዊው አሜቲስት፣ ኮከቧም ካፕሪኮርን ሳይሆን አኳሪየስ ነው። ማንኛውም ስልክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይህን ቀን ይለውጠዋል፤ ለልደት ወር ዕቃ የሚሸጥ መደብር ደግሞ ከገንዘብ መቁጠሪያው አጠገብ ሊያስቀምጠው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የቀን መለወጫ ነው።

ስለ ኮከቦቹ ጥቂት ልበል። ኩባያው ላይ «ካፕሪኮርን» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የተሣለው ግን ቀፊራ ገበያ በየቀኑ የምናየው ዓይነት ባለ ቀንድ ፍየል ነው። ካፕሪኮርን ከባቢሎናውያን ዘመን ጀምሮ ከወገቡ በላይ ፍየል፣ ከወገቡ በታች ዓሣ ሆኖ የሚሣል ፍጡር ነው፤ ጅራቱን ቆርጦ ማስቀረት ምልክቱን ማጥፋት ነው። ሥዕሉን ያዘጋጀው ሰው እንግሊዝኛውን ትቶ የአገሩን ስም ቢጠቀም ኖሮ ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር። በእኛ የኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት 12ቱ ኮከቦች ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እየተባሉ የሚጠሩት ከዐረብኛ በመጣ ስም ሲሆን፣ ካፕሪኮርን ጀዲ፣ አኳሪየስ ደግሞ ደለዊ ይባላሉ። ጀዲ በዐረብኛ የፍየል ግልገል፣ ደለው ደግሞ የውኃ መቅጃ ባልዲ ማለት ነው፤ ዐረብኛ በየቤቱ በሚሰማባት በድሬዳዋና በሐረር ይህን ለማስረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። (በነገራችን ላይ በእነዚያ መጻሕፍት ኮከብ የሚታወቀው በልደት ቀን አይደለም፤ ቆጣሪው የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ለውጦ ይደምርና በ12 ይገድፋል፤ ቀሪው ቁጥር ኮከቡን ይነግረዋል። በዚያ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ሻጯ የልጅቱን እናት ስም እንጂ ወሩን ባልጠየቀችኝ ነበር።)

የጀዲ ወቅት ከዲሴምበር 22 እስከ ጃንዋሪ 19፣ ማለትም ከታኅሣሥ 13 እስከ ጥር 11 ድረስ ነው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ኮከብ ታኅሣሥ 19 የሚውለውን የቁልቢ ገብርኤልን ንግሥ፣ ገናንና ጥምቀትን ሦስቱንም አቅፎ ይይዛል፤ ለድሬዳዋ ሰው ከዚህ የበለጠ የበዓል ኮከብ የለም። የጥምቀት ዕለት የተወለደ ልጅ የመጨረሻው ጀዲ ነው፤ በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ የተወለደው የመጀመሪያው ደለዊ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሻጯ ብታውቀው ኖሮ ልትከራከረኝ የምትችልበት አንድ ነጥብ አለ። እነዚህ የኮከብ ቀኖች የተደለደሉት ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ሰማይ ነው። የምድር ዘንግ እንደሚሾር እንዝርት ቀስ እያለ ስለሚወዛወዝና አንዱን ዙር ለመጨረስ 26,000 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ቀኖቹና ከዋክብቱ ከዚያ ወዲህ ተለያይተዋል። በዛሬው ሰማይ ፀሐይ በጀዲ ከዋክብት ፊት የምታልፈው ከጥምቀት ሰሞን ጀምሮ እስከ የካቲት ሁለተኛ ሳምንት ድረስ ነው። እንግዲህ የእህቴ ልጅ በተወለደችበት ዕለት ፀሐይ በእርግጥም ጀዲ ላይ ነበረች ማለት ነው፤ በአንጻሩ ጥር 8 የተወለደችው ባለቤቴ በሰማዩ የቀውስ (የሳጂታሪየስ) ልጅ ሆና ትገኛለች። ሆኖም ሣጥኑ የሚሸጠው በሰማዩ ሳይሆን በሠንጠረዡ ነውና ነጥቡን ለሻጯ አልሰጣትም።

ከሣጥኑ ውስጥ እጅግ ደካማው ካርዱ ነው። ፊቱ ላይ በረዶ የለበሱ ጥዶች ተሥለዋል፤ ከላያቸው በትልቅ ፊደል «መልካም ልደት ለክረምት ልጅ» ይላል። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል የመለሰው ሰው ጃንዋሪ ለእኛ ምን እንደሆነ ለአፍታ አላሰበም። በእኛ አከፋፈል ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ነው፤ ጥር ግን ታኅሣሥ 26 የሚጀምረው የበጋ እምብርት ነው፤ ሰማዩ ጥርት የሚልበት፣ ድሬዳዋም ሙቀቷ ቀዝቀዝ ብሎ ሰው ማታ ማታ በከዚራ ዛፎች ሥር የሚንሸራሸርበት ወር ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ክረምት የሚለው ቃል በረዶና ጥድን አያስታውስም፤ የደቻቱን ወንዝ ነው የሚያስታውሰው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ያየ ሰው «የክረምት ልጅ» የሚል የልደት ካርድ ቢደርሰው ደስ እንደማይለው ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

የካርዱ የውስጥ ገጽም ከዚህ አይሻልም። የወሩ በዓላት ተብለው የተዘረዘሩት ጃንዋሪ 1 የፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ ጃንዋሪ 6 ምዕራባውያን የሚያከብሩት የሰብአ ሰገል በዓል፣ እንዲሁም በሦስተኛው ሰኞ የሚውለው የአሜሪካ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ናቸው። ጃንዋሪ 7 የሚውለው ገና የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው ጥምቀት የለም። ጥር 21 የሚውለው አስተርእዮ ማርያምም የለም። ቁልቢ በዲሴምበር 28 ስለሚውል በዚህ ካርድ ላይ አለመኖሩ ያስማማናል፤ ነገር ግን የዲሴምበሩን ሣጥን አስከፍቼ ስመለከት እዚያም አልነበረም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሐምሌና ታኅሣሥ፣ አገር ምድሩ በከተማዋ አልፎ ራስ መኮንን ወዳሠሩት ደብር ሲተምም እያዩ ይህን መዝለል ይቅር የሚባል አይመስለኝም። የእስልምና በዓላትን በተመለከተ ግን መደብሩን አልወቅስም፤ የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ዒድም ሆነ መውሊድ፣ የሐረሮች ሹዋሊድም ቢሆን፣ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ወቅቱን ሁሉ ይዞራል እንጂ ከጃንዋሪ ጋር አይታሰርም። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ለሆኑበት መደብር ቀላሉ መፍትሔ የዚያን ዓመት ቀን በእጅ የሚጽፉበት ባዶ መስመር መተው ነበር።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። ጋርኔት ስሙን ያገኘው ከሮማን የላቲን ስም ነው፤ ሮማን ፈልቅቆ ፍሬውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። የባለቤቴ ሐብል ላይ ያለው ድንጋይ መጀመሪያ ሲታይ በእርግጥም ያንን ቀለም ይመስላል። ሆኖም ቀለሙ ከመጠን በላይ አንድ ወጥ ሆኖብኝ ነበርና፣ በሳምንቱ ለሌላ ጉዳይ ሐረር ስወጣ ሁለቱንም ሐብሎች ይዤ ጀጎል ውስጥ ወደሚሠራ አንድ የማውቀው አንጥረኛ ሄድሁ። እሱም በማብሰያ ድስት ክዳን ውስጥ ውኃ ጨመረና በላዩ አንድ የቡሽ ቁራጭ አንሳፈፈ፤ ከመሳቢያው ያወጣትን ትንሽ ጥሬ ጋርኔት ቡሹ ላይ አስቀምጦ ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣ ኃይለኛ ማግኔት በጣት ርቀት አስጠጋላት። ቡሹ ቀስ ብሎ፣ ጀልባ ወደ ወደብ እንደሚጠጋው፣ ወደ ማግኔቱ ሄደ። ጋርኔት፣ በተለይ ጥቁር ቀዩ ዓይነት፣ በውስጡ ብረት ስላለበት እንዲህ ይሳባል። ቀጥሎ ሁለቱን የእኔን ድንጋዮች ከጌጡ ነቅሎ በየተራ አስቀመጣቸው፤ ቡሹ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻም በአጉሊ መነጽር እንዳይ ሰጠኝ፤ በቀዩ ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ነበሩበት። መስታወት ነው።

መስታወት መሆኑ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በ2,400 ብር ከኩባያና ከሣጥን ጋር ንጹሕ ድንጋይ እጠብቃለሁ ብል የዋህነት ይሆናል። ቅሬታዬ በካርዱ ላይ «ተፈጥሯዊ ጋርኔት» ተብሎ መጻፉ ነው። ሰንሰለቱም ቢሆን ብር ነው ተብሎ ቢሸጥም በድሬዳዋ ላብ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በባለቤቴ አንገት ላይ አረንጓዴ መስመር ትቷል፤ አንጥረኛውም ናስ መሆኑን ፋቅ አድርጎ አሳየኝ። ድንጋዮቹን ያለ ክፍያ መልሶ ሰክቶልኛል፤ ምስጋናዬ ይድረሰው።

የወር ድንጋይ የሚባለው ነገር ራሱ ምን ያህል የጥንት እንደሆነ ለሚጠይቁ፣ መነሻው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 የተጻፉት፣ በአሮን ልብስ ደረት ላይ የ12ቱ ነገድ ስም የተቀረጸባቸው 12 ድንጋዮች እንደሆኑ ይነገራል፤ አሜቲስትም አንዱ ነው። ዛሬ በሱቅ የምናየው ዝርዝር ግን እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ ካንሳስ የተሰበሰበ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ያጸደቀው ነው። ነጋዴዎቹም ሲፈልጉ ይጨምሩበታል፤ በ1967 ታንዛኒያ ውስጥ የተገኘው ታንዛናይት በ2002 ከዲሴምበር ድንጋዮች ጋር ተቀላቅሏል። ዝርዝሩ የነጋዴ ከሆነ ዘንድ የእኛም ነጋዴ ሊጠቀምበት ይገባ ነበር፦ የኦክቶበር ድንጋይ ኦፓል ነው፣ ኦፓል ደግሞ ወሎ ውስጥ ይቆፈራል፤ መደብሩ ግን በኦክቶበር ሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጠው ከውጭ የመጣ ፕላስቲክ ነው።

ከሣጥኑ ሁሉ ያለ ቅሬታ የምቀበለው ኩባያውን ነው። ወፍራም ነው፣ እጀታው ለጣት ይመቻል፣ በየቀኑ እየታጠበም ኅትመቱ አልለቀቀም። ከፍየሉ ጎን የታተመው የጃንዋሪ አበባ ካርኔሽን ነው፤ ሽታው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ስለሚል በዐረብኛ አበባውም ቅመሙም በአንድ ስም ይጠራሉ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሻሂዋን በቅርንፉድ አፍልታ በዚሁ ኩባያ ትጠጣለች፤ ሣጥኑን የሠሩት ሰዎች ሳያስቡት የተሳካላቸው ነገር ይህ ነው።

ከሐረር እንደተመለስሁ የእህቴን ልጅ ሣጥን ይዤ ወደ መደብሩ ሄድሁ። የቀኑን ሒሳብ በወረቀት አስልቼ አሳየኋቸው፤ ኃላፊው ተመለከተው፣ ስልኩ ላይ አረጋገጠው፣ ከዚያም ሳይከራከር የፌብሯሪውን ሣጥን አውጥቶ ቀየረልኝ። ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቀኝም፤ ስሙንም በነጻ እንደሚያስቀርጽልኝ ነገረኝ። ስለ መስታወቱ ግን «አቅራቢው ነው የጻፈው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም፤ በካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው። አዲሱ ድንጋይም መስታወት ስለመሰለኝ አላስመረመርሁትም። እውነተኛ አሜቲስት ለሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር ልንገር፦ ሐምራዊ ቀለሙ ለረዥም ጊዜ ፀሐይ ላይ ከቆየ ሊደበዝዝ ስለሚችል በድሬዳዋ መስኮት ላይ ሰቅሎ መተው አይመከርም።

በመሆኑም የሚገዛ ሰው ኩባያውን ብቻውን በ650 ብር ይግዛ፤ ሐብሉን ከፈለገ መስታወትና ናስ መሆኑን አውቆ ይግዛ፤ የልደት ቀኑን ደግሞ ከቤቱ ለውጦ ይሂድ። ሐምራዊው ሐብል በማግሥቱ ተቀርጾ ደረሰኝ። የመጀመሪያው ወጣት ዕረፍት ላይ ስለነበር ሌላ ሠራተኛ ነው የሠራው። ስሟን በሃሌታው ሀ ጽፎታል።